በእግራቸው የሄዱት ሹፌር

«ልጄ፣ ሰውዬው ሄደ» አሉኝ የጋሽ ሞላ ባለቤት እትዬ ዝናሽ በስልክ።

እኔ መራዊ ከተማ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ ነበር። እንደ ልማዴ «አሁን ደግሞ ወዴት ሄዱ?» አልኋቸው። ጋሽ ሞላ ሄዱ ማለት እኮ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። አንድ ቀን ዘጌ፣ ሌላ ቀን ጢስ ዓባይ፣ ሲላቸው ደግሞ ሐይቁን ዞረው ጎርጎራ ድረስ ዱላቸውን ይዘው ውልቅ የሚሉ ሰው ናቸው።

«እንጃ ልጄ፤ የዛሬዋን መንገድ እኔም አላውቃትም» አሉኝ። «ጧት ቁርሱን በላ። ጫማውን አጠለቀ። ማሰሪያውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ።»

የፈተናውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼ ባሕር ዳር ገባሁ።

ቀብራቸው ላይ መናኸሪያው ተነቅሎ የመጣ ይመስል ነበር። ጡረታ የወጣውም፣ በሥራ ላይ ያለውም ሹፌር ሁሉ ቆሟል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው ራሱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ የሥራ ባልደረባቸው የነበረው ሹፌር ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ እንኳ አንዲት ነገር ትዝ አለችኝ» ብሎ ጀመረ። እሱ ሲጨርስ ሌላው ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ሊያጽናኑ የመጡት ቄስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲያፍኑ አይቻቸዋለሁ። እትዬ ዝናሽ እንባቸውን እየጠረጉ «ተዉ እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል!» ይላሉ፤ ሌላ ታሪክ የሚያስጀምሩት ግን መልሰው እሳቸው ናቸው።

እኔ በዚያ ቀን አልተናገርሁም። የእኔ ታሪክ ረዘም ይል ነበር።

ጋሽ ሞላን ያወቅኋቸው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ያኔ ገና ማስተማር መጀመሬ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በደብረ ታቦርና በጉና መንገድ የሚመላለሱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሰፊ ትከሻ አላቸው፤ ከመሪው ጋር እየተጋፋ ያደገ ቦርጭ አላቸው፤ ድምፃቸው ግድግዳ አያግደውም። ስማቸው ራሱ ለሥራቸው የወጣ ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ወንበሩ ሲያልቅ ረዳቶቹ «ሞላ! ሞላ!» እያሉ ሲጮሁ፣ እሳቸው መሪያቸውን እንደያዙ «አቤት!» ይላሉ። ተሳፋሪው ይስቃል፤ መንገዱ በሳቅ ይጀመራል። አውቶቡሳቸው ላይም ራሳቸው ያስገጠሟት ዜማ ያላት ጡሩምባ ነበረቻቸው። «ጢ-ራ-ሪ-ራ-ራም!» ትላለች። ከዓባይ ድልድይ ማዶ ሲነፏት እትዬ ዝናሽ ቤት ሆነው ይሰሟታል፤ ወጥ ይጥዳሉ።

ጋሽ ሞላ አጥብቀው የሚጠሉት ነገር ቢኖር በእግር መሄድ ነው። ከግቢያቸው በር እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ድረስ ባጃጅ ይይዛሉ። እትዬ ዝናሽ «አንተ ሰው፣ እግር ምን ሊሠራልህ ተፈጠረ?» ሲሏቸው፣ ቀኝ እግራቸውን አንሥተው «ይሄ ለነዳጅና ለፍሬን»፤ ግራቸውን አንሥተው «ይሄ ለፍሪሲዮን» ይላሉ። «ሦስተኛ ቢሰጠኝ በሱ እሄድልሽ ነበር።»

ቁጭ ባሉበት ሁሉ ቀኝ እጃቸው ማርሽ ይፈልጋል። ምሳ ላይ የመንገድ ታሪክ ሲነግሩን መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን አንሥተው መሪ ያዞራሉ፤ እኛም ሳናውቀው አብረናቸው ወደ ጎን እናዘነብላለን። ቅዳሴ ቆመው እንኳ በየመካከሉ ከግንባራቸው በላይ ሽቅብ ያያሉ። ሌላው ሰው ወደ ሰማይ የሚያዩ ይመስለዋል። እትዬ ዝናሽ ግን «ስፖኪዮውን እየፈለገ ነው» ብለው በጆሮዬ ነግረውኛል።

በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ተሳላሚ ጭነው ላሊበላ ይወጣሉ። እኔ ላሊበላን አይቼው ስለማላውቅ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቤተ ጊዮርጊስ እንዴት ያለ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንጃ» አሉኝ።

«እንዴት እንጃ? በየዓመቱ ይሄዱ የለም እንዴ?»

«እኔ የማውቀው መኪና ማቆሚያውን ነው። ሰው አወርዳለሁ፤ አውቶቡሱ ሥር አንጥፌ እተኛለሁ፤ ሰው ተሳልሞ ሲመለስ ተነሥቼ እነዳለሁ። ጎማውን ማን ይጠብቅልኝ? ቅዱስ ጊዮርጊስ?»

እትዬ ዝናሽ አማተቡ።

ከዚያ የጋሽ ሞላ ዓይን ደከመ። መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሄደው የዓይን ምርመራው ጣላቸው። «ፊደሎቹ ናቸው እንጂ ያነሱት፣ ዓይኔስ ደህና ነው» ሲሉ ሰነበቱ። «ማን ነው ደግሞ መንገድ ላይ ፊደል የሚያነብ?» ግን አልሆነም፤ መሪውን አስረከቡ።

ቤት ውሎ የማያውቅ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያኔ አየሁ። ጧት ከሁሉ በፊት ይነሡና ኪሳቸውን እየዳበሱ ቁልፍ ይፈልጋሉ። ከዚያ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው በሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ላይ ይጮሃሉ፤ «አንተ! ማርሹን ቀንስ እንጂ፤ ሞተሩን ገደልኸው!» ወጡ ጨው በዛው፣ ጨው አነሰው እያሉ ከእትዬ ዝናሽ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። እትዬ ዝናሽ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሳሎኔ ውስጥ አውቶቡስ ተበላሽቶ ቆሞብኛል» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጋሽ ሞላ በሩ ላይ ጠሩኝ።

«መምህርት፣ ነይ እስቲ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ሁሉ ሹፌሩ ነው የሚለኝ። ሹፌሩ መጣ፣ ሹፌሩ ሄደ፣ ሹፌሩ ቡና ይጠጣ። አሁን መሪው ከእጄ ወጥቷል። እንግዲህ የቀረው ሰውዬ ማን ነው?»

«ጋሽ ሞላ ነዋ!» አልኋቸው።

«እሱንማ አላውቀውም» አሉ። «ተዋውቀን አናውቅም።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አይቀልዱም ነበር።

የጥቅምት ወር እያለቀ ሳለ፣ ምሳ ላይ፣ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ «የዘንድሮን ገና ላሊበላ እሳለማለሁ» አሉ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ዝናሽ። «ለደሳለኝ ነግረን ጥሩ ወንበር እናስይዛለን።»

«ወንበር አልፈልግም። በእግሬ ነው የምሄድ።»

እትዬ ዝናሽ የያዙትን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ለቀቁት። ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ ሞላ አብረዋቸው እንዳልሳቁ ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«አብደሃል? ሰው ሁሉ በጓድ እኮ ነው የሚሄድ።»

«ዝናሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኜ ነው የኖርሁ። መስኮት ክፈት፣ መስኮት ዝጋ፤ አቁምልን፣ ንዳልን ሲሉኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር ልሂድ። ማን እንደሆንሁ እስቲ ልየው።»

«ማን እንደሆንህማ እኔን ብትጠይቀኝ እዚሁ ቁጭ ብለህ እነግርህ ነበር!» አሉ እትዬ ዝናሽ።

ልምምዱ የጀመረው ከእኔ ጋር ነው። ከሥራ ስመለስ ወደ ሐይቁ ዳር እንወጣለን። የመጀመሪያው ቀን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ ላብ አጠመቃቸው። «መምህርት፣ ትንሽ ዕቃ ረስቻለሁ» አሉና ባጃጅ አስቁመው እኔን መንገድ ላይ ጥለውኝ ተመለሱ። በማግስቱ ግን ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እየዋለ እያደረ ጊዮርጊስን አለፍን፤ የዋርካዎቹን ጥላ አለፍን፤ ታንኳ የሚጠግኑት ሰዎች ሰላምታ እስኪያስለምዱን ድረስ ተመላለስን። ዳገት ሲገጥማቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ሰደድ አድርገው ማርሽ ይቀንሳሉ፤ እውነቴን ነው፤ ከንፈራቸውም «እህህህህ» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ብቻቸውን ጢስ ዓባይ ደረሱ። አንዲት ገበያተኛ መንገድ ላይ አይታቸው «አባቴ፣ መኪናዎ ተበላሽቶ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አዎ ልጄ፣ ልጠገን ነው የምሄድ» አልኋት ብለው ሲነግሩን፣ ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሲስቁ ሰማሁ።

የኅዳር ጽዮን ማግስት ወጡ። እትዬ ዝናሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠሩላቸው፤ ጋቢ አለበሷቸው፤ ዱላ አስያዟቸው። ጋሽ ሞላ ግን ስልካቸውን አጥፍተው ከኪሳቸው ከተቱት። «ስልክ ከከፈትሁ ሰው ሁሉ ተሳፈረብኝ ማለት ነው» አሉ። ዓባይ ድልድይ ድረስ ሸኘናቸው። ድልድዩን ሲሻገሩ ወደ ኋላ ላለማየት አንገታቸውን ገትረው ነበር፤ ስፖኪዮ የሌለው ሰው ምን ያድርግ።

ጋሽ ሞላ ግን ያልገመቱት ነገር ነበር። ብቻዬን እሄድበታለሁ ባሉት መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ መኪና ቀን ከሌት ይመላለሳል። ሹፌሮቹ ሲያገኟቸው ያቆማሉ፤ «ጋሽ ሞላ፣ ግቡ እንጂ!» ይላሉ፤ እሳቸው በዱላቸው «እለፍ፣ እለፍ!» ይላሉ። ሹፌሩ ባሕር ዳር ሲገባ ደግሞ ወሬውን ይዞ እትዬ ዝናሽ በር ላይ ይቆማል።

«ሐሙሲት አልፏል፤ ደህና ነው።»

«ወረታ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ አየሁት። ለባለ ሻይ ቤቷ ስለ ፍሬን ያስረዳታል።»

«ደብረ ታቦር ዳገቱ ላይ ጫማውን አውልቆ ጫማውን ሲሳደብ ደረስሁበት።»

እኛ ማታ ማታ ይህን ወሬ እንደ ተከታታይ ድራማ እንጠብቅ ጀመር። ጎረቤቱም ይመጣል። «ዛሬስ የት ደረሱ?» ይላል።

የመጨረሻውን ወሬ ያመጣው ደሳለኝ ነበር። «ከክምር ድንጋይ ወዲያ፣ ጉና ሥር አገኘሁት። ያነክሳል። ግባ ብዬ ለመንሁት፤ እምቢ አለኝ» አለ። ፊቱ እንደ ሌላው ጊዜ አልፈካም።

ከዚያ ወሬ ቆመ። የመጣው ሹፌር ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ንፋስ መውጫ ላይ ያየ የለም፤ ጋሸና ላይ ያየ የለም። ጉና ደግሞ ብርዱ ክፉ ነው። እትዬ ዝናሽ አላለቀሱም፤ ግን መብላት ተዉ። ወደ ጋሽ ሞላ ስልክ ይደውላሉ፤ ዝግ ነው። ገና እየተቃረበ ሲመጣ አንድ ጧት ነጠላቸውን ለብሰው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። «ተነሺ፤ እንሂድ» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ተነሣሁ።

በደሳለኝ አውቶቡስ ሄድን። እሱም የእኛን ያህል ተጨንቆ ስለነበር በየከተማው ያቆምልናል፤ እትዬ ዝናሽ ወርደው ይጠይቃሉ። ክምር ድንጋይ ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ «አንድ ወፈር ያሉ ሽማግሌ እያነከሱ አልፈዋል፤ ግን ቆየ» አለችን። ጉና ሥር ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። እትዬ ዝናሽ በመስኮቱ እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ እጃቸውን ያዝሁ። ከዚያ ወዲያ የጠየቅነው ሰው ሁሉ አላየሁም አለን።

ላሊበላ የደረስነው የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማው ነጭ ለብሷል፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ነጭ ጋቢ መካከል አንድ ነጭ ጋቢ እንዴት ይፈለጋል? ከአንዱ ወደ ሌላው ስንል፣ የአገሬው ሰዎች በእግራቸው የመጡትን እንግዶች እግር ከሚያጥቡበት ደረስን። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ መንገደኞች ተደርድረዋል፤ አቧራ የጠገበ እግራቸውን ገበቴ ውስጥ ነክረዋል። እኛ እያንዳንዱን ፊት እያየን ስናልፍ፣ ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ ሰማን።

«ቀስ በይ ልጄ፤ እሱ የፍሪሲዮኑ ነው፤ ያመዋል!»

እትዬ ዝናሽ ባሉበት ቆሙ። ጋሽ ሞላ ከስተዋል፤ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሯል፤ ጢማቸው አድጓል። ግራ እግራቸውን አንዲት ወጣት ታጥብላቸዋለች። እትዬ ዝናሽ ሄደው ከፊታቸው ቆሙ።

ጋሽ ሞላ ቀና ብለው አዩአቸው። «ዝናሽ! በምን መጣሽ?»

«በአውቶቡስ።»

«ማን ነው የነዳው?»

«ደሳለኝ።»

«ጋሸና መታጠፊያዋ ላይ ማርሽ ቀነሰ?»

እትዬ ዝናሽ ነጠላቸውን አውልቀው በነጠላው ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ መቷቸው፤ ከዚያ ተንበርክከው ከወጣቷ እጅ ውኃውን ተቀበሉና ያንን እግር ራሳቸው አጠቡት። ሲያጥቡት ነው ያለቀሱት። ጋሽ ሞላ ጭንቅላታቸውን ይዳብሱላቸው ነበር።

ቤተ ጊዮርጊስን አብረን አየነው። ከዐለቱ አፋፍ ቆመን ቁልቁል አየን። ጋሽ ሞላ ወደ መኪና ማቆሚያው አቅጣጫ ዞር ብለው አዩ፤ መልሰው ወደ ታች አዩ።

«ዝናሽ» አሉ በቀስታ፣ «ይሄ ሁሉ እዚህ ሆኖ ነው እኔ እዚያ የተኛሁት?»

ታሪካቸውን የነገሩን ከቅዳሴ ወጥተን ስናፈጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ፤ በተነገረ ቁጥር ይረዝማል፤ ዋናው ነገሩ ግን እንዲህ ነበር።

ጉና ሥር እግራቸው ቆስሎ፣ ብርዱ አጥንታቸው ገብቶ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደሳለኝን እምቢ ካሉ በኋላ መሆኑ ነው። ሌላ አውቶቡስ ሲመጣ እጃቸው ራሱ ተነሣ፤ «እኔ አላነሣሁትም» ይላሉ። ሹፌሩ የማያውቃቸው ወጣት ነው። ሳያቆም ጣቶቹን ሰብስቦ በመስታወቱ ነቀነቀላቸው፤ ሞላ፣ ቦታ የለም ማለቱ ነው። እሳቸው ያንን ምልክት ዕድሜ ልካቸውን ለመንገደኛ ሲያሳዩ ኖረዋል። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሷቸው ሲያልፍ መሳቅ ጀመሩ። «ስሜን በእጁ ጠርቶኝ ሄደ እኮ!»

ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አባ ውበት የሚባሉ ገበሬ በአህያ ጭድ ጭነው ደረሱ። «ጤና ነዎት፣ ወንድሜ?» አሏቸው፤ ጠበል የሚያስፈልጋቸው መስሏቸው። ጭዱን ከአንዷ አህያ አራግፈው እሳቸውን ጫኑና ከመንገዱ በላይ ካለው ቤታቸው ወሰዷቸው። የአባ ውበት ሚስት እማ አንጓች ውኃ በጨው አሙቀው እግራቸውን ዘፈዘፉላቸው። ማን ነዎት ሲሏቸው ሹፌር ነኝ ማለት ከበዳቸው። «መንገደኛ ነኝ» አሉ።

በማግስቱ እየበሉ ሳለ አንድ አውቶቡስ በታች በኩል አለፈ። እማ አንጓች እጃቸውን በንቀት አወዛወዙ።

«እነዚህ ደግሞ ምን አውቶቡስ ናቸው! ድሮ አንድ ዘፋኝ አውቶቡስ ነበር እንጂ። ከመታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይዘፍናል። እሱ ሲዘፍን ከብት እናስወጣለን። ልጆቼ እስኪጠፋ ድረስ እየተከተሉ ይጨፍሩ ነበር። የመጨረሻዋን ልጄን አምጬ የወለድኋት እሱ እየዘፈነ ሲያልፍ ነው።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«ከዚያማ ድንገት ቀረ። ሹፌሩ ቢሞት ነው አልን። ስሙን አናውቀው! የሚካኤል ዝክር ሳወጣ 'የዚያን ሹፌር ነፍስ ማርልኝ' እላለሁ። ስንት ጊዜያችንን አሳምሮልናል።»

ጋሽ ሞላ ጡሩምባዋን መታጠፊያው ላይ የሚነፉት ለከብቶቹ ነበር፤ ድንገት መንገድ እንዳይገቡባቸው። ከዚያ ገደል በላይ ቤት መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር።

«እማ አንጓች፣ ሹፌሩ አልሞተም» አሏቸው።

«ምኑን አወቁ?»

«እኔ ነኝ።»

እማ አንጓች እንግዳ እንዳያስቀይሙ ፈገግ አሉ። አላመኑም። ጋሽ ሞላ ሞሰቡን ገፋ አደረጉ፤ ሁለት እጃቸውን አንሥተው መሪውን ያዙ፤ ጉንጫቸውን ነፉና ቤቱ እስኪነቃነቅ ድረስ «ጢ-ራ-ሪ-ራ-ራም!» አሉ።

ልጆቹ ከውጭ እየሮጡ ገቡ። እማ አንጓች ቆመው እልል አሉ። አባ ውበት ከአውድማው መንሹን እንደያዙ መጥተው «ምን መጣ?» ሲሉ፣ «የሞተው ተነሣ!» አሏቸው ሚስታቸው።

እግራቸው እስኪድን ከነሱ ጋር ሰነበቱ። ወቅቱ የውቂያ ነበርና አውድማው ላይ በሬ ነዱ። «መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፤ ግን ተሳፋሪ አይጨቀጭቅም» ይላሉ። ሲሻላቸው አባ ውበት የእግረኛውን አቋራጭ አሳዩአቸው፤ ሹፌሮቹ ያጡአቸው ለዚህ ነው።

ስንመለስ በደሳለኝ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ከሹፌሩ አጠገብ ሳይሆን መስኮት ዳር፣ እንደማንኛውም ሰው። ጉና መታጠፊያው ላይ ደሳለኝ ቀስ አለና ጡሩምባውን ነፋ። ዜማ የላትም፤ ጡጥ ብቻ ናት። ጋሽ ሞላ ግን አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው በአፋቸው አዜሙት። ከገደሉ በላይ ሰዎች ሮጠው ወጡ፤ ነጠላ ሲውለበለብ አየን። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። «ንዳ እንጂ፣ ምን ታያለህ!» ብለው ደሳለኝ ላይ ጮሁበት፤ ዓይናቸውን ግን በጋቢያቸው ይጠርጉ ነበር።

ባሕር ዳር ከገባን በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው «መምህርት፣ ያንን ሰውዬ ተዋወቅሁት» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«ሹፌሩ ሲወርድ የሚቀረውን።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

አሰቡበት። «ቀስ ይላል። ወሬ ያበዛል። ግን ክፉ አይደለም፤ አብሮ መሄድ ይቻላል።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጣቸው! አባ ውበትንና እማ አንጓችን በየዓመቱ እየሄዱ ጠየቁ። መንገዱ ሲከፋ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ ብቻ ተወሰኑ፤ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው፣ አንዳንዴ ብቻቸውን፣ አንዳንዴ እትዬ ዝናሽን ይዘው። ባጃጅ ላይ መጮህ ተዉ፤ እንዲያውም ባለ ባጃጆቹ ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ሆኑ። ዳገት ላይ ማርሽ መቀነሱን ግን እስከ መጨረሻው አልተዉትም።

እኔ ወደ መራዊ ተዛውሬ ከሄድሁ በኋላ በስልክ ነበር የምንገናኝ። ከማረፋቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ሞላ ቆመዋል፤ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ናቸው። ከባሕር ዳር በእግራቸው መምጣታቸው ነው።

«ቤትሽን ልይ ብዬ ነው» አሉ፤ የጎረቤትን አጥር ተሻግረው የመጡ ያህል።

እግራቸውን አጠብሁላቸው። በቆጋ መስኖ የበቀለ ድንች ቀቅዬ በሚጥሚጣ አቀረብሁላቸው፤ በሉና መረቁኝ። ቤቴን ዞረው አዩት፤ የበሩ ማጠፊያ ላልቶ አገኙትና ካላጠበቅሁ ብለው ታገሉ። ሲመሽ እዚያው አደሩ። እንደ ድሮው ብዙ አወሩልኝ፤ ከወሬያቸው መሐል ግን ትንሽ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደነበር አስተውያለሁ።

ጧት ሊሄዱ ሲነሡ ዱላቸውን ያዝሁባቸው። «ጋሼ፣ አሁንስ በሚኒባስ ይሂዱ። መናኸሪያው እዚህ ነው፤ እኔ እወስድዎታለሁ» አልኋቸው።

ዱላቸውን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱ። ዓይናቸው ሳቀ።

«መምህርት፣ አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «ሸኚኝ እንጂ አታሳፍሪኝ።»

እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘኋቸው። ተሳስመን ተለያየን። እኔ ገና ቆሜ ስስቅ እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ሰደድ አደረጉ፤ ማርሽ አስገቡና ቁልቁለቱን ወረዱ።